ድልድዩ ይቅደም

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ «አንድ ሰው ብቻውን የአገር ልማድ ሊለውጥ ይችላልን?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ሰዓት ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁለትም። ማታ ሳሰላስለው ግን የከምባታዋ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ትዝ አሉኝ።

እኚህ ሴት ውሃ ልቀዳ ነው እያሉ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። የግርዛትን ጉዳት በገዛ ሰውነታቸው ያውቁት ነበር። በእስራኤልና በአሜሪካ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ስለ ሴቶች መብት የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ።

ለሕዝቡ መናገር ሲጀምሩ ግን የአገሩ ሰዎች የቸገረን ድልድይ ነው፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት አጥተዋል አሏቸው። እሳቸውም ሳይቀየሙ ድልድዩን አስቀድመው አሠሩ። ጆሮ ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው። በየመንደሩ ወንዱም ሴቱም፤ ሽማግሌውም ወጣቱም አንድነት ተቀምጦ ስለ ግርዛት እንዲመክር አደረጉ። በ1999 በአካባቢው ከመቶ 97 ያህሉ ሰው ግርዛትን ይደግፍ ነበር፤ በ2008 ግን ደጋፊው ከመቶ ከ5 በታች መውረዱን የዩኒሴፍ ጥናት አመልክቷል። ዶክተር ቦጋለች በ2019 አረፉ፤ ሥራቸው ግን ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

ለተማሪዬም በማግሥቱ እንዲህ አልኩት፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ብቻህን አትጨርሰውም፤ ብቻህን ግን ትጀምረዋለህ።»

አንተስ፤ አንቺስ፤ አንባቢዬ? በሰፈራችሁ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ድልድይ የቱ ነው?