ከአባት የቀረ ስድስት ብር



እኛ በፍኖተ ሰላም ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት ጡረተኞች ነን። አንዳችን በሒሳብ አስተማሪነት፣ አንዳችን በነርስነት የሥራ ዘመናችንን ጨርሰን፣ ልጆቻችንም እንጀራቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው፣ ቤቱ ሰፍቶን ተቀምጠናል። ጡረተኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ዓይነት ደስታ እንደሚሆን የሚያውቀው ጡረተኛ ነው። የምናወጋችሁም በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መጥተው ስለ ዘየሩን ወዳጆቻችንና አብረን ወደ ቡሬ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ታሪኩን እንድንጽፈው ግን ፈቅደውልናል።

ወዳጃችን የቡሬ ልጅ ነው። እኛ ያወቅነው አዲስ አበባ ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ ሲሆን፣ ከባለቤቱ ጋር እንደኛው በጡረታ ላይ ነበሩ። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. አባቱን ቀብሮ፣ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቡሬን ረግጧት አያውቅም። «ማን አለኝና?» ይላል ሲጠየቅ። ነገሩ ግን እሱ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ የሚሰድቡት ልጆች ነበሩ፤ ያ ስድብ ዕድሜውን ሙሉ ከውስጡ አልወጣም።

ይህ የእሱ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያን ዘመን በጎጃም ብዙው ሙስሊም ርስት ስላልነበረው ኑሮው በሽመናና በንግድ ላይ የቆመ ነበር። በልጅነታችን የዒድ ቀን እንኳ በሕግ የታወቀ በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ከተደረገ በኋላ ነው በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ የታወቁት። በዚያው ዓመት መሬት ላራሹ ሲታወጅ የወዳጃችን አባት መሬት ሊወስዱ ይችሉ ነበር፤ «እኔ የማውቀው መወርወሪያ ነው» ብለው በጉድጓዳቸው ተቀመጡ።

እንግዶቻችን የዓባይን በረሃ አቋርጠው፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ በኩል አድርገው ማታ ላይ ደረሱልን። ጥቅምት በጎጃም ምድር የዓመቱ ምርጥ ወር ነው። ዝናቡ አልፎ ጭቃው ደርቋል፤ ኑጉ ማሳውን ቢጫ አልብሶታል፤ ጤፉ ነፋስ በነካው ቁጥር ይተኛል ይነሣል፤ በርበሬውም ቀይ ቀይ ማለት ጀምሯል። የወዳጃችን ባለቤት የሸገር ልጅ ናትና በመስኮት ስታይ መምጣቷን እንጂ ድካሟን አላወራችም።

የዚያን ምሽት የዒሻን ሶላት ቤታችን በጀማዓ ሰገድን። እንግዳችን መንገደኛ ስለሆነ አሳጥሮ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ካሰላመተ በኋላ «እናንተ ሙሉ» አለን። ከጎናችን የቆመው የጎረቤት ልጅ ግን «ጋሼ፣ ሁለት ጎደለ!» ብሎ በመጮኹ ሳቃችንን አፍነን ለመጨረስ ተቸገርን። ከሶላቱ በኋላ ልጁ ስለ መንገደኛ ሶላት ሰፊ ትምህርት አግኝቷል።

በማግስቱ ከተማችንን አሳየናቸው። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በሱዳን ገብተው በጎጃም በኩል ነበርና ያለፉት። ከተማይቱን በባጃጅ ለመዞር ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ መስጊድ፣ ሴቶቹ ገበያ ዋልን።

ወደ ቡሬ እንሂድ ያለችው የወዳጃችን ሚስት ናት። እሱ ደስ አላለውም። «እዚህ ምን አነሰን?» አለ። እሷ ግን ሰበብ ነበራት፤ በመንገድ ላይ ማንኩሳ አለች። ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የሚጀምርባት መንደር ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ያዳምጥ ነበር፤ እሷም አንዷ ናት። ማንኩሳ ስንደርስ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ይችው ናት?» አለች። ይችው ነበረች።

ቡሬ መንገድ የሚገናኝባት የንግድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ እዚህ ላይ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው ጋር ይገጥማል። ወዳጃችን ከሚኒባሱ ከወረደ ጀምሮ ዝም ብሏል። የልጅነት ቤቱን ከቦታው አጣው፤ የአባቱ የሽመና ጉድጓድ የነበረበት ቦታ የብረት በር ያለው ሱቅ ቆሞበታል። ልንመለስ ስንል ግን ከመንገዱ ማዶ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊት አየን። ሰላምታ ሰጠናቸው። እሳቸውም «እግዜር ይመስገን» ብለው ፊቱን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩና፣

«አንተ የሸማኔው ልጅ አይደለህም? ያ አልቃሻው?» አሉት።

እኛ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው። እማማ እጁን ይዘው ወደ ቤት አስገቡንና ሌላ ወሬ ሳይጀምሩ ጓዳ ገብተው አንድ ቡሉኮ ይዘው ወጡ። ዳር ዳሩ ተበልቷል እንጂ መሐሉ ገና ጠንካራ ነበር።

«የአባትህ እጅ ነው» አሉ። «ልቃቂቱን እኔ ፈትዬ ሰጠሁት። የእጁን ዋጋ አሥራ ሁለት ብር ተዋዋልን። ስድስቱን ከፈልሁ፤ ስድስቱን ለቅዳሜ ገበያ ብዬ ቀጠርሁት። ሐሙስ ቀን ሞተ። እናንተም ነቅላችሁ ሄዳችሁ። ለቄሱ ብነግራቸው ለነዳያን ስጪው አሉኝ፤ እኔ ግን የሰው ገንዘብ በሰው ስም ሲሰጥ ባለቤቱ ሳያውቅ ብዬ ፈራሁ። ይኸው፣ አንተን ሳልጠብቅህ ቀርቼ አላውቅም።»

ከመቀነታቸው ገንዘብ መፍታት ጀመሩ። ወዳጃችን ዓይኑ እንባ ሞልቶ «እማማ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ስለ አላህ ብያለሁ» አለ። ይህን ጊዜ ነው ሚስቱ ቀስ ብላ «የአንተ ብቻ ነው እንዴ?» ያለችው።

እውነቷን ነው። ሟች ከሰው ላይ ያለው ገንዘብ የሚራስ ነው፤ ወራሾች በሙሉ ድርሻ አላቸው፤ ማንም የራሱን እንጂ የሌላውን ይቅር ማለት አይችልም። ብዙዎቻችን ይህን የምናስታውሰው ስለ ቤትና ስለ ቦታ ሲሆን ነው፤ ስለ ስድስት ብር ማን ያስባል? ከመካከላችን የሒሳብ አስተማሪ የነበረው እዚያው ቡናው እስኪፈላ አሰበው። የእናትየው ስምንተኛ እጅ እሳቸውም ስላለፉ ለነዚያው ልጆች ይመለሳል፤ ወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ ሲወስድ ለእሱ 3 ብር፣ ለእኅቶቹ ለእያንዳንዳቸው 1 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። እማማ በጥሞና አዳመጡና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፤ ሒሳቡ ደስ ያሰኛቸው መሰለን።

ቆሎና ማር ቀረበ። ሥጋ ባለማቅረባቸው ይቅርታ ጠየቁን፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእስላም ጎረቤት ጋር የኖሩ ናቸውና ደንቡን ያውቁታል። በአገራችን ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ጎረቤት አራጁም አብሳዩም ሙስሊም ሆኖ የእስላም ድግስ ለብቻ እንደሚሰናዳ አንባብያን ታውቃላችሁ። ቡሉኮውን ወዳጃችን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ ቡናውን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

አዲስ አበባ ያለችው እኅቱ በስልክ ወዲያው ይቅር አለች። ጂዳ በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው ትንሿ ግን ስልክ አላነሣችም። የደወለችው ማታ፣ ፍኖተ ሰላም ከተመለስን በኋላ ነው። ነገሩን ሰምታ ዝም አለች፤ ከዚያም «እኔ ይቅር አልልም» አለች። ደነገጥን። «አባባ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእሱ እጅ የደረሰኝ አንድም ነገር የለኝም። አንድ ብር ከሃምሳዬን እፈልጋለሁ፤ በሐዋላ ሳይሆን ራሱን ሳንቲሙን።»

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእንግድነት ወሰን ሦስት ቀን መሆኑን አስተምረዋልና እንግዶቻችን በአራተኛው ቀን ተነሡ፤ ገንዘቡን የመቀበሉ አማና በእኛ ላይ ወደቀ። በሳምንቱ ቡሬ ተመልሰን ለእማማ ነገርናቸው። ዘለው አልተነሡም እንጂ ያን ያህል ደስ አላቸው። ከመቀነታቸው አንድ ብርና ሃምሳ ሳንቲም ፈትተው በመዳፋችን ላይ አኖሩ፤ «ይኸ ነው ዕዳ መክፈል» አሉ።

እማማን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ዘይረናቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግን በክልላችን ውጊያ ተነሣ። ነሐሴ 7 ቀን በከተማችን በፍኖተ ሰላም በደረሰው ጥቃት 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀን የማይፈጀው የቡሬ መንገድ ለእኛ ለሽማግሌዎች ረዘመብን። በስልክ ስናገኛቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሸማኔው ልጅ ነው።

ሳንቲሞቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለሐጅ በሄዱ የሰፈራችን ሰው እጅ ጂዳ ደረሱ። ልጅቱ በተቀበለች ቀን ደወለችልን። አመሰገነች፣ ዱዓ አደረገችልን፤ ከዚያ ግን ቅሬታዋን አልደበቀችም። «ሃምሳ ሳንቲሙስ ይሁን» አለች፤ «አንድ ብር በአባባ ጊዜ ወረቀት አልነበረም እንዴ?»