ስሙ ተይዟል፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው!

ጉድ እኮ ነው እናንተዬ! ድሮ ሰው የሚካሰሰው በድንበርና በአጥር ነበር። አሁን ደግሞ በማይጨበጥና በማይዳሰስ የኢንተርኔት ስም ሆኗል።

ሰሞኑን አንዲት የዳንግላ ልጅ ደወለችልኝ። ማርና ቅቤ ትነግዳለች፤ እንጅባራም ሁለተኛ ሱቅ ከፍታለች። ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች በዓል የሚመጣው እንግዳ በስልኩ ፈልጎ እንዲያገኛት ድረ ገጽ ልታሠራ ተነሳች። “ጋሼ፣ የሱቄን ስም ላስመዘግብ ብል ‘ተይዟል’ አሉኝ። ከፍቼ ሳየው ግን ምንም የለበትም፣ ነጭ ገጽ ነው። አንድ ደላላ ‘አስለቅቅልሻለሁ፣ ግማሹን በቴሌብር ላኪ’ ብሎኛል። ዕቁብ ደርሶኝ ብሩ እጄ ላይ ነው፤ ልላክለት?”

“እንዳትልኪ የኔ እመቤት!” አልኳት። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ፤ በዚህ ነገር የሚጨነቅ ሰው እየበዛ ነውና።

የኢንተርኔት ስም ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው ነው። ለነገሩ ግዢ ይባል እንጂ ኪራይ ነው፤ በነጥብ ኮም የሚያልቅ ስም ከ1 እስከ 10 ዓመት ይከፈልበታል፣ ከዚያ ይታደሳል። እስከከፈለ ድረስ ባይሠራበትም “ለምን ዝም አልክ?” የሚለው የለም። ደግሞ ገጹ ነጭ ስለሆነ ብቻ አይሠራበትም ማለት አይቻልም፤ ሰውዬው ለኢሜይል አድራሻ ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል።

እንግዲህ መጀመሪያ መዝገቡን ማየት ነው። በነጥብ ኢቲ የሚያልቁትን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ነጥብ ኮም የሆኑትን ደግሞ የውጭ አገር መዝጋቢ ድርጅቶች ይሸጧቸዋል። የነጥብ ኮሙ መዝገብ ስሙ መቼ እንደተያዘ፣ መቼ እንደሚያልቅና በየትኛው መዝጋቢ በኩል እንደሆነ በነጻ ያሳያል። የባለቤቱን ስምና ስልክ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። ቢሆንም መዝጋቢው መልእክታችሁን ለባለቤቱ የሚያደርስበት መንገድ አለው።

“ቀኑ ሲያልቅ ልጠብቅ” የምትሉ ደግሞ ትዕግስት ይስጣችሁ! ጊዜው ባለፈ ማግስት አይለቀቅም። መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊታገሠው ይችላል። ቀጥሎ ባለቤቱ ብቻ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፣ በመጨረሻም 5 ቀን ተዘግቶ ይቆይና ይሰረዛል። ተፈላጊ ስም ከሆነ ለስረዛም አይደርስ፣ መሀል ላይ ጨረታ ይወጣበታል። ስሙ ሲወድቅ እንዲቀልብላችሁ ቀጠሮ የሚይዝላችሁ ድርጅትም አለ፤ ብዙዎቹ ካልተሳካላቸው አያስከፍሉም። መቼም ለዳንግላ ማር ቤት ስም የዓለም ነጋዴ ሁሉ ይሰለፋል ብዬ አልሰጋም።

ባለቤቱን ስትጠይቁ በጨዋ ቋንቋ፣ በአጭሩ ጻፉ። “ሕልሜ ነው፣ ያለሱ አልኖርም” አይባልም! እንጅባራ ገበያ በግ ስትገዙ “ይሄ ነው፣ ሌላ አልፈልግም” ካላችሁ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ከዚህ አላልፍም የምትሉትን ገንዘብ ለራሳችሁ ቁረጡ።

ደላላውስ? አንድ ቀላል ፈተና አለው። “በነጩ ገጽ ላይ ለአንድ ቀን የምልህን ቃል ጻፍበት” በሉት። ስሙ በእጁ የሆነ ሰው ይህ ሥራ አይሆንበትም፤ ሌላው ግን ሰበብ ይደረድራል። የዳንግላዋ ልጅ ይህንኑ ስትጠይቀው ስልኩን ዘግቶባት ቀረ። ዕውነተኛ ባለቤት ቢሆን እንኳ ክፍያው ስሙ ወደ እናንተ እስኪዛወር ገንዘቡን በሚይዝ ሦስተኛ ወገን በኩል ይሁን።

እሷ በመዝጋቢው በኩል ለባለቤቱ ጻፈች። ውጭ የሚኖር ያገራችን ሰው ኖሯል። “የእናቴ መጠሪያ ስለሆነ ነው የያዝኩት፤ ጡረታ ስወጣ ገብቼ ቡና ቤት እከፍትበታለሁ፤ ይቅርታ እህቴ፣ አልሸጥም” ብሎ መለሰላት። ምን ይባላል? እኔስ አልፈረድኩበትም።

“ታዲያ ልክሰሰው?” አለችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የስም ክርክር የሚታይበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ለማሸነፍ ግን ሦስት ነገር ማሳየት አለባችሁ፦ ስሙ ከንግድ ምልክታችሁ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ሰውዬው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ በክፉ ልብ አስመዝግቦ እንደያዘው። በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዘንድ በአንድ ዳኛ ለሚታይ ጉዳይ 1,500 ዶላር ይከፈላል፤ የጠበቃው ለብቻው ነው። ብታሸንፉም የምታገኙት ስሙን እንጂ ካሳ አይደለም። የእሷ ሱቅ ሁለት ዓመቱ፣ ሰውዬው ስሙን ከያዘ ስድስት ዓመት። ገና ያልተወለደ ሱቅ ስም ሊቀማ አስቦ ነበር ይባላል?

ቀድሞ መገኘት ምን ያህል እንደሚያዋጣ አገራችንም ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ሲያመለክት ስታርባክስ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን ስም አስቀድሞ አመልክቶበት ነበር። ኩባንያው በ2006 ማመልከቻውን ተወ፣ በ2007 ደግሞ ስምምነት ተፈረመ። መንግሥት ይህን ያህል ከደከመ አንድ ሱቅ ብቻውን እንዴት ይሆናል? የንግድ ፈቃድ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ የንግድ ምልክት ለብቻው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል።

ልጅቷ በመጨረሻ የሱቋ ስም ላይ ዳንግላን ጨምራ ሌላ አስመዘገበች። ዳንግላን በላቲን ፊደል አንዱ “አይ” ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ስለሚጽፈው ሁለቱንም ያዘች። ጥሩ አደረገች። እንጅባራ የሚጽፉትስ ቢሆኑ መቼ አንድ ዓይነት ይጽፋሉ!

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ስሙን በራሳችሁ ኢሜይልና በራሳችሁ የይለፍ ቃል አስመዝግቡ፣ ኮምፒውተር በሚያውቀው የአጎት ልጅ አይሁን። ልጁ ዲቪ ደርሶት የሄደ ቀን ስሙም አብሮት ይሄዳል።