የሙዝ ማሳው ሐይቅ ውስጥ እንዳይገባ

አርባ ምንጭ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በስተ ቀኙ የአባያን ሐይቅ፣ በስተ ግራው ደግሞ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ተራራ ያያል። በመንገዱና በሐይቁ መካከል የሚገኘው የጫኖና የላንቴ ሜዳ ሙዝ ለብሷል። የሜዳው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያው ተነሥቶ አቀበቱን የወጣ መንገደኛ ግን እንሰት፣ ገብስና አፕል ከሚበቅልበት ቀዝቃዛ ደጋ ይደርሳል። የጉጌ ተራራ ጫፍማ ከዚህም ከፍ ይላል።

ቆላና ደጋ እንዲህ ተጎራብተው በሚገኙበት በጋሞ ዞን መሬት መለካት ቀላል ሥራ ሆኖ አያውቅም። በአንደኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ወቅት በሀገሪቱ አብዛኛው ማሳ የተለካው በገመድና በሜትር ነበር። ለገበሬው የተሰጠው ደብተርም የማሳውን ስፋትና የአዋሳኞቹን ስም ይዘረዝር ነበር እንጂ ካርታ አልነበረውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬት በባህላዊም ሆነ በዘመናዊ መሣሪያ እንዲለካ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ደብተር ሲመጣ ደግሞ ሥራው በአብዛኛው የተከናወነው ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች አማካይነት ነው።

በገመዱና በፎቶግራፉ መካከል ግን አንድ በእጅ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ ወደ ልማት ሠራተኛው እጅ ገብቷል። ይኸውም ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የሥፍራ መጠቆሚያ ነው። የተፋሰስ ወሰን ለመያዝ፣ የመስኖ ቦይ የሚያልፍበትን መስመር ለመከተል፣ ምንጭና የችግኝ ጣቢያ ያለበትን ቦታ ለመመዝገብ ያገለግላል። መሣሪያውን አብርቶ ማሳ መዞር ማንም በግማሽ ቀን ሊማረው ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተለቀመው ቁጥር ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ በካርታ ላይ ሲያርፍ።

መሣሪያው የሚሠራው ከምድር 20200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚላክ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሥፍራውንና ከፍታውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ሞገድ በአንድ ጊዜ መቀበል አለበት። የሳተላይቶቹ ባለቤት የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚሰጠውን ሞገድ ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ስሕተቱ ከ3 እስከ 10 ሜትር ባለው ውስጥ ይውላል። ጥቅጥቅ ባለ የሙዝ ተክል ሥር ወይም ከገደል አፋፍ በታች ሲሆን ግን ከዚህ ይብሳል።

አሁን ወደ ማገናኘቱ ሥራ እንምጣ። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ የጋርሚን ኩባንያ የመጀመሪያዎቹ ኢትሬክሶች፣ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኙት በጀርባቸው ባለ ሶኬት በሚሰካ ልዩ ገመድ ነው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሲሆን በቀድሞ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ላይ ይገባ ነበር። ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒዩተሮች ይህን መግቢያ አይዙም። ስለዚህ ወደ ዩ.ኤስ.ቢ. የሚለውጥ መካከለኛ ገመድ መግዛትና ለእርሱ የሚያስፈልገውን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ግድ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ለገመዱ የሰጠውን የመግቢያ ቁጥር በካርታ ፕሮግራሙ ውስጥ በትክክል ያልሞላ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢነካካ መሣሪያው መልስ አይሰጠውም። ብዙ መሣሪያ ተበላሽቷል ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው በዚህች ጥቃቅን ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዳዲሶቹ ከዚህ ይቀላሉ። ተራ የዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ሲሰካባቸው እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታሉ። በውስጣቸው ጋርሚን የሚል ማኅደር፣ በእርሱም ውስጥ ጂ.ፒ.ኤክስ. የሚል ሌላ ማኅደር ይገኛል፤ ነጥቦቹና የእግር ዱካዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ፋይሉን ገልብጦ ኪው.ጂ.አይ.ኤስ. በተባለው የካርታ ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። ይህ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ውድ ፕሮግራም ለመግዛት አቅም ለሌለው ጽሕፈት ቤት ይበጃል። ለአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ የአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ዲ.ኤን.አር. ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም አለ፤ እርሱም ያለ ክፍያ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ነጥቦቹ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሲወጡ ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የማሳው ዕጣ የሚወሰነው ገና አሁን ነው።

እንደሚታወቀው ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም። ካርታ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለ ምድር ቅርጽና ስለ መለኪያው መነሻ አንድ ስምምነት ይዘው ይጀምራሉ፤ ይህንም ዳተም ይሉታል። የኢትዮጵያ ባለ 1 ለ50000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ በዓባይ ዳር የነበረች የኑቢያ መንደር ስትሆን፣ የዓባይ ተፋሰስ በአሜሪካ ባለሙያዎች ትብብር ሲጠና የቅየሳው መነሻ በዚያ ተተከለ። መንደሯ በኋላ በአስዋን ግድብ ውሃ ተዋጠች። ስሟ ግን እነሆ እስከ ዛሬ የጫኖን ሙዝና የዶርዜን እንሰት ይለካል።

ሳተላይቶቹ በበኩላቸው አዲንዳንን አያውቁም። እነርሱ የሚሠሩት ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተባለ፣ መላውን ዓለም በሚመለከት ዳተም ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ለአንዲት ቦታ ሁለቱ ዳተሞች የሚሰጡት የሜትር ቁጥር አይገጥምም። የሳተላይቱ ቁጥር ወደ ምሥራቅ በ92 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ በ206 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ነጥቡ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 225 ሜትር ያህል ይሸሻል ማለት ነው። ይህ በባለ 1 ለ50000 ካርታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። በመሬት ላይ ግን ከሁለት የኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ከአባያ ውሃ ዳር 50 ሜትር ርቆ የሚገኝ አንድ የሙዝ ማሳ እንውሰድ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳውን ዞሮ የሳተላይቱን ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ በጽሕፈት ቤቱ ያለው ሰው ደግሞ ቁጥሩን የአዲንዳን ነው ብሎ በካርታው ላይ ያሳርፈዋል። ሐይቁ ያለው በምሥራቅ በኩል ነውና ገበሬው ላቡን ያፈሰሰበት ማሳ ከነሙዙ አዞዎቹ ዘንድ ይገባል። በሐይቅ ውስጥ የገባ ማሳ ቢያንስ ስሕተቱን ራሱ ይናገራል። የሚያስፈራው ማሳው ሐይቅ ውስጥ ሳይሆን በጎረቤት ይዞታ ላይ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ካርታው ትክክል ይመስላል፤ የመስኖ ቦይ ወይም መንገድ ሲወጣና ካሣ ሲከፈል ነው ጠቡ የሚነሣው። በተቃራኒውም ከካርታ ላይ የተነበበ የአዲንዳን ቁጥር በሳተላይቱ ዳተም በተዘጋጀ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ቦታው ቢፈለግ፣ ቀያሹ ከታሰበው ሥፍራ 225 ሜትር ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቆ ካስማውን ይተክላል።

ከዚህም የረቀቀ ወጥመድ አለ። ብዙ ሠራተኞች ይህን ስለሚያውቁ የመሣሪያቸውን ዳተም ወደ አዲንዳን ይለውጡታል፤ መልካም ያደርጋሉ። ነገር ግን የሚለወጠው በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። በገመዱ በኩል የሚወጣው የጂ.ፒ.ኤክስ. ፋይል ምንጊዜም በደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንዱ የማሳውን ማዕዘን ከመስታወቱ አንብቦ በማስታወሻ ደብተሩ ቢጽፍ፣ ሌላው ያንኑ ማዕዘን በገመድ ቢያወርድ፣ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይወጣሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም።

መፍትሔው ፋይሉ ሲከፈት ለካርታ ፕሮግራሙ እውነቱን መንገር ነው። በፕሮግራሞቹ ውስጥ እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። የጂ.ፒ.ኤክስ. ፋይል 4326 ነው። የጋሞ ዞን የሚገኝበት 37ኛው የሰሜን ክፍል በሳተላይቱ ዳተም 32637፣ በአዲንዳን 20137 ይባላል። ፋይሉ በ4326 ከገባ በኋላ ወደ 20137 እንዲለወጥ ማዘዝ ይገባል እንጂ፣ ገና ሲገባ 20137 ነው ብሎ ስም መለጠፍ ስሕተቱን ራሱን መፈጸም ነው። መለወጥና ስም መለጠፍ የተለያዩ መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

ሌሎቹ ስሕተቶች ከዚህ ይልቅ ጉልህ ናቸው። የጨንቻ ከተማ 6 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ይህን 6.15 ብሎ የጻፈ ሰው ከተማዋን 11 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ያወርዳታል፤ 15 ደቂቃ የዲግሪ ሩብ በመሆኑ ትክክለኛው 6.25 ነውና። የምሥራቁን ቁጥር በሰሜኑ ቦታ ያስገባ ደግሞ አርባ ምንጭን ከአልጄሪያ ጠረፍ ማዶ ከሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያገኛታል። እንዲህ ያለው ስሕተት ያስቃል እንጂ ማንንም አያስከስስም።

ስለ ስፋት ደግሞ ገበሬው በተለይ በደጋው የሚያነሣው ቅሬታ አለ፤ መሣሪያው መሬቴን አሳነሰው የሚል። ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም። ገመድ በተዳፋት ላይ ሲዘረጋ የሚለካው ተዳፋቱን ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ግን መሬቱን ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ አድርጎ በካርታ ሥራ ደንብ መሠረት ይለካዋል። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ቢሆን በገመድ 100 ሜትር የሆነው ጎን በካርታ ላይ 87 ሜትር ብቻ ይሆናል። እርከን በበዛባቸው የጋሞ ተራሮች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለገበሬው ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት በማሳው ላይ ቆሞ ይህን ማስረዳት የሠራተኛው ግዴታ ነው፤ ደብተሩ ከተጻፈ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ማመካኛ ይመስላል።

የማሳው ትንሽነትም ሌላ ጣጣ ነው። 100 በ100 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ እያንዳንዱ ጎን በ3 ሜትር ቢሳት ስፋቱ በ6 በመቶ ብቻ ይጨምራል። 25 በ20 ሜትር በሆነች ማሳ ላይ ግን ያው 3 ሜትር ስፋቱን በ29 በመቶ ያሳብጠዋል። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በኢትዮጵያም ጭምር ባደረጉት ጥናት ጂ.ፒ.ኤስ. በአማካይ ከኮምፓስና ከገመድ ልኬት ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጥና ጊዜ በእጅጉ እንደሚቆጥብ ታይቷል። አማካይ ግን ለስታቲስቲክስ እንጂ ለወንድማማቾች የድንበር ክርክር አይሆንም። ስለሆነም በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለ ወሰን በእጅ መሣሪያ መቆረጥ የለበትም። ለዚያ የተሻለ የቅየሳ መሣሪያ አለ፤ ይህም ባይገኝ የአገር ሽማግሌዎችና ገመዱ ይሻላሉ።

ዛሬ ዛሬ ስማርት ስልክ የያዘ ሠራተኛ ሁሉ ጂ.ፒ.ኤስ. በኪሱ አለ። ስልኩም የሚሠራው በዚያው በሳተላይቱ ዳተም ስለሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

ለሥራው ከመውጣቱ በፊት ሠራተኛው በካርታው ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ ቦታ፣ የመንገድ መገናኛ ወይም ድልድይ፣ መርጦ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ቁጥሩን ይያዝ። በአርባ ምንጭ ከተማ ዙሪያ ከሆነ ወደ ምሥራቅ 340000፣ ወደ ሰሜን 667000 ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ማየት አለበት። ከዚያም በገመድ አውርዶ በካርታው ላይ ያሳርፈው። ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ከሆነ ይቀጥል። 92 እና 206 የሚጠጋ ከሆነ ግን ነገሩ የዳተም ነውና ማሳ መዞሩን ትቶ ቅንብሩን ያስተካክል። በማስታወሻ ደብተሩ ራስጌ ላይም ቀኑን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ዳተሙንና ቁጥሩ ከመስታወት የተነበበ ወይም በገመድ የወረደ መሆኑን ይጻፍ። ሠራተኛ ይዛወራል፤ ዞኑም ቢሆን በ2011 ዓ.ም. ከጋሞ ጎፋ ተለይቶ ራሱን ችሏል፤ ፋይል ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያንን ፋይል የሚከፍተው ሰው ቁጥሩ ከየትኛው መነሻ እንደተለካ የሚያውቀው ከዚያች አንዲት መሥመር ብቻ ነው።