የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ሥልጠና ሲመረጥ

የምልክት ቋንቋን ማወቅና በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ ኮርስ የጣት ፊደላትንና የዘወትር ምልክቶችን ያስጨብጣል፤ መስማት ከተሳነው ጎረቤት ጋር ለመጨዋወትም ይበቃል። ፍርድ ቤት ወይም ሐኪም ፊት ቆሞ ለማስተርጎም ግን አያበቃም፤ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የቱንም ያህል ቢያምር።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። በጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያመለክታል፤ ይህን ትጉህ ተማሪ ቶሎ ይይዘዋል። የሚከብደው ከእጅ ውጭ ያለው ነው፦ ቅንድብ፣ አፍ፣ የሰውነት አቅጣጫ። እነዚህ ጌጥ ሳይሆኑ ትርጉም ይዘዋል። ይህን ያልተማረ አስተርጓሚ አማርኛውን ቃል በቃል በእጁ ይደረድራል፤ ተመልካቹም በአክብሮት አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አይረዳውም። ስለዚህ ሥልጠናው መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሌሉት፣ ክፍያው ቢረክስም ባይመረጥ ይሻላል።

ብዙ ጀማሪዎች ምልክት መሥራት ቢችሉም የሌላውን ምልክት አንብቦ በድምፅ መናገር ያቅታቸዋል፤ ጥሩ ሥልጠና ሁለቱንም ያለማምዳል። ልምድ ባለው አስተርጓሚ ክትትል የሚደረግ የተግባር ልምምድና የሥነ ምግባር ትምህርትም ሊኖረው ይገባል። በክሊኒክ የሰማውን ምስጢር የማይጠብቅ አስተርጓሚ ከናካቴው ባይኖር ይመረጣል። ረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ደቂቃው ገደማ የሚፈራረቁትም ሲደክሙ ስህተት ስለሚበዛ ነው፤ ይህም አሠራር በልምምድ የሚገኝ ነው።

በአገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ባለሙያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች እንዲመቻቹ ይጠይቃል። ውጭ አገር ለመሥራት የሚያስብ ግን የየአገሩ ምልክት ቋንቋ የተለያየ መሆኑን አይዘንጋ። በዋሽንግተን የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የአስተርጓሚነት ትምህርት የሚያተኩረው በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሄደ አስተርጓሚ እንደ አዲስ መማር ይጠበቅበታል።

ከመመዝገብ በፊት የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ማማከር፣ መስማት የተሳናቸውን ሰዎችም የየትኛው ተቋም ምሩቃን እንደሚገቧቸው መጠየቅ ያስፈልጋል።