ትውውቅ፦ በሉፕ መሀል መጠኑ የተለወጠ ዲክሽነሪ

የአንድ ሱቅ የዕቃ ቆጠራ በፓይተን ዲክሽነሪ ተይዟል እንበል፦ ስኳር 12፣ ዘይት 0፣ ጨው 7። ፕሮግራመሩ ያለቀውን ዕቃ ለማውጣት ፎር ሉፕ ይጽፍና ዜሮ የሆነውን በዴል ይሰርዛል። ዘይት እንደተሰረዘ ፕሮግራሙ በራንታይም ኤረር ይቆማል፤ መልእክቱም ሉፑ ሳያልቅ የዲክሽነሪው መጠን ተለወጠ የሚል ነው።

ምክንያቱ ያለው በዲክሽነሪው አሠራር ላይ ነው። ቁልፎች በሃሽ ስሌት ቦታ ይሰጣቸዋል። ትንሹ ሰንጠረዥ 8 ቦታ አለው፤ ሁለት ሦስተኛው ከሞላ በኋላ አዲስ ቁልፍ ሲመጣ ሁሉም ወደ ሰፊ ሰንጠረዥ ይዛወራል። ሉፑ የያዘው ግን የደረሰበትን ቦታ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ዝውውር ከተደረገ ያ ቁጥር ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ ፓይተን ሉፑ ሲጀመር የቁልፎቹን ብዛት ይይዛል፤ በየዙሩም ያመሳክራል። በነባር ቁልፍ ሥር ያለውን ቁጥር መቀየር ብዛቱን ስለማይነካ ችግር የለውም። አንዱን ሰርዞ ሌላውን መጨመር ግን ብዛቱን ስለማይለውጥ ከቁጥጥሩ ሊያመልጥ ይችላል።

ይህ ጥበቃ ትልቅ ውለታ ነው። በሊስት ላይ እየዞሩ ቢሰርዙ ፓይተን ምንም አይልም፤ ከተሰረዘው ቀጥሎ ያለውን ዘሎ ያልፋል፤ ውጤቱም ሳይታወቅ ይሳሳታል።

ስህተቱን ሲፈልጉ ትሬስባኩ የሚጠቁመው የፎርን መስመር እንጂ የሰረዘውን መስመር እንዳልሆነ ያስታውሱ፤ ብዛቱ የሚመሳከረው ሉፑ ቀጣዩን ቁልፍ ሲጠይቅ ነውና። በሉፑ ውስጥ ዴልን፣ ፖፕንና አዲስ ቁልፍ የሚጨምር መስመርን ይፈልጉ፤ ከዚያ ሉፑ የሚጠራቸውን ፋንክሽኖች ይፈትሹ። ዲክሽነሪው ዲፎልትዲክት ከሆነ ደግሞ የሌለን ቁልፍ በቅንፍ ማንበብ ብቻውን ቁልፉን ይጨምረዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቁልፎቹን ወደ ሊስት ቀድቶ በቅጂው ላይ መዞር፣ ወይም የሚፈለጉትን ብቻ መርጦ አዲስ ዲክሽነሪ መሥራት። በፓይተን 2 ኪይስ የተባለው ሜተድ ራሱ ሊስት ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን ከዲክሽነሪው ጋር አብሮ የሚለዋወጥ ዕይታ ይሰጣል፤ በዚህ ምክንያት ለዓመታት የሠራ ኮድ ወደ ፓይተን 3 ሲሻገር ይወድቃል።

ስህተቱን በትራይና በኤክሴፕት ማፈን ግን መፍትሔ አይደለም። ሉፑ በተቋረጠበት ይቀራል፤ ከዘይት በኋላ ያለቁ ዕቃዎችም እንዳሉ ተብለው ይቆጠራሉ።