ጋዙ አላለቀም፣ ሾልኮ ወጣ

ሙቀቱ ሲበረታ በሐርጌሳም በድሬዳዋም አንድ ወሬ ይነሳል፤ «የኤሲ ጋዝ በየዓመቱ ያልቃል፣ በየዓመቱ ይሞላል» የሚል። ወሬው ከባለሙያ አፍ ሲወጣ ደግሞ ማንም አይጠራጠረውም። የቤቱ ባለቤት ሁለት ሦስት ዓመት ያስሞላል፣ ይሰለቸዋል፣ «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ይገዛል። አዲሱን የሚገጥምለት ያው ባለሙያ ነው፤ በዓመቱ የአዲሱም ጋዝ «ያልቃል»። ይህ ወሬ ሐሰት ነው። ብዙ ቤተሰብ ያለ በቂ ምክንያት ገንዘብ እያወጣበት ስለሆነም ሊታረም ይገባል።

የኤሲ ጋዝ ነዳጅ አይደለም፤ አይቃጠልም፣ በሥራ ብዛትም አይቀንስም። በታሸገ የመዳብ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፤ ቤት ውስጥ ሲተን ሙቀት ይስባል፣ ደጅ ሲወጣ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆት ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ያንኑ ሙቀት ይጥላል። ለአንድ መኝታ ቤት በሚሆን ማሽን ውስጥ ያለው ጋዝ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ ፋብሪካው የሞላው ያ ጋዝ ማሽኑ ዕድሜውን እስኪጨርስ ሊያገለግል ይገባል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ተከፍቷል ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተውም ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ነው። የውጪው ማሽን ጎን ላይ ሁለቱ የመዳብ ቧንቧዎች በነሐስ ዳዶ የሚታሰሩበትን መጋጠሚያ ይመልከቱ። በሌላው የማሽኑ አካል ላይ ያለው አቧራ ደረቅ ሆኖ ዳዶው ዙሪያ ያለው ጠቁሮና ወዝቶ ከተጣበቀ፣ ያ ዘይት ነው። ጋዙ ሲሾልክ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ይወጣል፣ አቧራውም ይይዝበታል። የሳሙና አረፋ ቢቀቡት ይንፈቀፈቃል። ይህን ሳይመረምር ጋዝ የሚሞላ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መምጣቱ የማይቀር ነው።

ማሽኑ በእርግጥ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ኮምፕሬሰሩ ከተቃጠለ፣ ወይም የውስጡ ጥቅልል ቧንቧ ተበልቶ እዚህም እዚያም ከሾለከ ጥገናው አያዋጣም። በአር 22 የሚሠራ አሮጌ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ጋዙ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ ለታዳጊ አገሮች የተቀመጠው ገደብ 2030 እ.ኤ.አ. ነው። በምትኩ አር 410ኤ ልሙላልዎ የሚል ካለ አይስማሙ። የዚህ ጋዝ ግፊት ከአር 22 በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፣ ዘይቱም ሌላ ነው፤ አሮጌው ማሽን አይችለውም። አሁን ገበያውን እየያዘ ያለው አር 32 ይፈነዳል እየተባለ ይወራል። ትንሽ የመቀጣጠል ጠባይ ስላለው ባለሙያው መጠንቀቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ተብሎ በተሠራ ማሽን ውስጥ በትክክል ከተገጠመ ቤት ውስጥ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያስፈራው የማብሰያ ጋዝ ኤሲ ውስጥ መሙላት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ቤትዎን እንዳይነካ።

ስለ መጠን ብዙ አልልም። በሻጮች ቋንቋ አንድ ፈረስ ጉልበት 9,000 ቢቲዩ፣ አንድ ተኩል 12,000፣ ሁለት ደግሞ 18,000 ነው። 12,000 ቢቲዩ ማለት በሰዓት ከቤት የሚያወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ለሃያ ካሬ ክፍል ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት ካለ ወይም ጣሪያው ኮርኒስ ከሌለው አይበቃም። «ለማንኛውም ትልቁን ልውሰድ» የሚለው ግን ብልሃት አይደለም። ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የማያስተካክል፣ ትልቅ ማሽን ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል፤ በእያንዳንዱ መነሳት ኮምፕሬሰሩ ይጎዳል፣ የአየሩን እርጥበት ለማድረቅም ጊዜ አያገኝም።

ቦታውም ይለያል። በርበራ በባሕር ጠረፍ ላይ ናት፤ ሐጋ በሚባለው የሙቀት ወቅት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ነዋሪውም አቅም ካለው ወደ ሼክ ከተማ ወይም ወደ ሐርጌሳ ይወጣል። ሐርጌሳ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ከዱባይ በበርበራ ወደብ ከሚገቡት ማሽኖች ብዙዎቹ «ቲ 3» የሚል ምልክት አላቸው፤ አቅማቸው የተለካው በ46 ዲግሪ የውጪ ሙቀት ነው ማለት ነው። «ቲ 1» የሚባለው የተለካው በ35 ነው። ለበርበራ ቲ 3 ያስፈልጋል። ሐርጌሳ ላይ ለቲ 3 ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ ማሽን ሲገጠም የሚበላሸው ግዢው ላይ አይደለም፤ ቧንቧው ከታሰረ በኋላ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ባለሙያው በቫኪዩም ፓምፕ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር መሳብ አለበት። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ከማሽኑ ትንሽ ጋዝ ለቀው አየሩን «ይገፉትና» ዳዶውን ያጠብቃሉ። አየሩ ይወጣ ይሆናል። በመዳቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የውሃ እርጥበት ግን አይወጣም።

እርጥበት ምን ያደርጋል? ከአር 410ኤ እና ከአር 32 ጋር የሚሠራው ዘይት ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት በኮምፕሬሰሩ ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ይለወጣል፣ አሲዱም የሞተሩን ሽቦ የሸፈነውን ቫርኒሽ ይበላል። ሽቦ ከሽቦ የነካ ቀን ኮምፕሬሰሩ ይቃጠላል። ይህ በአንድ ወር የሚታይ ነገር ስላልሆነ ገጣሚው አይጠየቅም፤ «ዕቃው ጥራት የለውም» ተብሎ ይታለፋል።

ውሃን ከቧንቧ የማስወጫው መንገድ ማፍላት ነው፤ የሚፈላው ግን በእሳት አይደለም። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በላዩ ባለው የአየር ግፊት ይወሰናል። በርበራ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ሐርጌሳ ላይ በ95 ተኩል ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92። አዲስ አበባ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየው ለዚህ ነው። ግፊቱን በፓምፕ እየቀነሱ ቢሄዱ ወደ 24 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ውሃ በ25 ዲግሪ፣ ማለትም በክፍሉ ሙቀት፣ ይፈላል። ከዚያም በታች ወርዶ ግማሽ ሚሊሜትር፣ በባለሙያዎች አነጋገር 500 ማይክሮን፣ ሲደርስ ፈሳሽ ውሃ በዚያ ቧንቧ ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ ተንኖ በፓምፑ ይወጣል።

እዚህ ላይ ከፍታው ባለሙያውን ያሳስታል። በተለመደው ባለመርፌ ጌጅ ላይ ሙሉ ቫኪዩም የሚነበበው 30 ኢንች (ሜርኩሪ) ላይ ነው፤ ይህ ለባሕር ጠለል የተሠራ ቁጥር ነው። ጌጁ የሚለካው በውስጥና በውጪ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ሐርጌሳ ላይ የዓለም ምርጡ ፓምፕ እንኳ ከ25 ተኩል ኢንች አያልፍም፣ አዲስ አበባ ላይ ከ22 ተኩል። በርበራ ላይ ሙያውን የተማረ ሰው ሐርጌሳ መጥቶ መርፌው 25 ላይ ሲቆምበት «ቧንቧው ቀዳዳ አለው» ወይም «ፓምፑ ደክሟል» ሊል ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን ሌላው ስህተት ነው። በጌጁ ላይ በ25 እና በ25 ተኩል መካከል ያለው ርቀት የፀጉር ያህል ነው፤ በማይክሮን ሲቆጠር ግን 12,000 ያልፋል። መርፌው «ደርሷል» ሲል ውሃው ገና እየፈላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በባለመርፌ ጌጅ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ማይክሮን የሚያነብ ዲጂታል መለኪያ ያስፈልጋል። ፓምፑ ተዘግቶ ሩብ ሰዓት ያህል ሲጠበቅ ቁጥሩ በደንብ ወጥቶ ከዚያ ከቆመ እርጥበት ቀርቷል፤ ሳያቋርጥ ከወጣ መጋጠሚያው ይሾልካል። ከላይ ያነሳሁት የዳዶ ችግር ጋዝ ሳይባክን የሚገኘው በዚህ ፍተሻ ነው።

ባለሙያዎች በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይስማሙም፣ ይህንንም መናገር ይገባል። ቧንቧው አጭርና አዲስ ከሆነ፣ ጫፉም ታሽጎ ከቆየ፣ በደረቅ ወር የሚገባው እርጥበት ትንሽ ስለሆነ 500 ድረስ መውረድ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ በሐርጌሳ ደረቅ አየር ክርክራቸው ክብደት አለው፣ «ጉ» በሚባለው የዝናብ ወቅት ወይም በበርበራ ግን የለውም። ጋዝ ከሾለከ በኋላ የጎደለውን መሙላት ወይስ ሙሉውን አውጥቶ በሚዛን እንደገና መሙላት የሚለውም አከራካሪ ነው። አር 32 አንድ ወጥ ጋዝ ስለሆነ መጨመር ድብልቁን አያዛባም፤ አር 410ኤም ቢሆን ድብልቅ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ጋዞች ተቀራርበው ስለሚተኑ ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ በሚዛን መሙላትን እመርጣለሁ፤ በግፊት ብቻ እያዩ የሚሞላ ጋዝ በሙቀቱና በከፍታው ስለሚሳሳት።

ስለ ዋጋ ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው የካርቶኑን ዋጋ ነው። የቧንቧው ሜትር፣ ሽቦውና ብሬከሩ፣ ማንጠልጠያው ብረትና የእጅ ዋጋው ተለይተው ይጻፉልዎ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቆጣሪው ነው። በሐርጌሳ ኤሌክትሪክ የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ በአንድ ወቅትም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት እስከ አንድ ዶላር ይከፈል ነበር። ለስሌት ያህል ግማሽ ዶላር ይሁን እንበል። ኢንቨርተሩ ማሽን ከተራው በቀን አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ቢቆጥብ፣ በ150 የሙቀት ቀናት 225 ኪሎዋት ሰዓት፣ በገንዘብ ከ112 ዶላር በላይ ነው። የኢንቨርተሩ የዋጋ ጭማሪ በአንድ ወይም በሁለት ወቅት ይመለሳል። ድሬዳዋ ላይ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፉን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያደረገ ቢሆንም፣ ያው ስሌት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሐርጌሳ ያለ ዘመድዎ የመከረዎትን ማሽን ድሬዳዋ ላይ ሳያሰሉ አይግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሐርጌሳ ዳር ባሉት የአያሃ ሰፈሮች፣ ከስደት ተመልሰው ወይም ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ኤሲ መግጠም ፀሐይን በኤሌክትሪክ ለመግፋት መሞከር ነው። የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ቀጥታ በሰው ላይ ያወርዳል። ነጭ ቀለም፣ ኮርኒስና በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይቅደሙ፤ ከዚያ በኋላ ኤሲ ቢያስፈልግ እንኳ የሚበቃው ማሽን በጣም ትንሹ ነው።

ማሽኑን የገዙም ሊገዙ ያሰቡም፣ ገጣሚውን በስልክ ሲቀጥሩት ቫኪዩም ፓምፕና የማይክሮን መለኪያ እንዳለው ይጠይቁት። የለኝም ካለዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ይዞ ከመጣም የእጅ ዋጋውን የሚከፍሉት መለኪያው ላይ ቁጥሩን በዓይንዎ አይተው፣ ሩብ ሰዓቱንም አብረው ጠብቀው ይሁን።