የማዳጋስካሯ ነጭ ኦርኪድ፦ ከዛፍ ግንድ ወደ መስታወት ቤት

በምሥራቅ ማዳጋስካር ቆላማ ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር አንዲት ኦርኪድ አለች፤ ሳይንሳዊ ስሟ አንግሬከም ሴስኪፔዳሌ ነው። ዛፍ ላይ ስለምትበቅል ጥገኛ ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ ከዛፉ የምትሻው መቆሚያ ብቻ ነው። ወፋፍራም ሥሮቿ እንደ ስፖንጅ ውኃ በሚመጥ ነጭ ልባስ ተሸፍነዋል። ዝናብ ሲጥል ይጠጣሉ፤ ሲያባራ ነፋስ ያደርቃቸዋል።

ኮከብ የሚመስለው ነጭ አበባዋ ከጀርባው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አለው። ማሩ ያለው ከቱቦው ግርጌ ነው፤ መዓዛዋም የሚያውደው ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 አበባዋ የደረሰው ቻርለስ ዳርዊን ይህን ቱቦ ተመልክቶ፣ እስከ ማሩ የሚዘልቅ ረጅም ምላስ ያላት የእሳት ራት በማዳጋስካር መኖር አለባት ሲል ጻፈ። ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ እንዲህ ያለችው የእሳት ራት በሳይንስ ተመዘገበች።

ወደ አትክልተኞች እጅ የገባችው በ1855 ሚሲዮናዊው ዊልያም ኤሊስ ሕያው ተክሎችን ወደ እንግሊዝ ሲያመጣ ነው፤ በ1857ም እዚያው አበበች። ከዚያ ቀደም የነበሩ አልሚዎች ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶችን አየር በማያስገባ ሙቅ ቤት አፍነው፣ ሥራቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው ብዙዎቹን አበስብሰዋል። ልማቱ የተሳካው ተክሎቹ በዛፍ ላይ እንዴት እንደሚኖሩ ሲጠና ነው። በ1899 ደግሞ በታዋቂው የቬይች ችግኝ ጣቢያ ከዘመዷ ከአንግሬከም ኢበርኒየም ጋር የተዳቀለች ዝርያ አበበች፤ ይህች ዲቃላ ዛሬም በአልሚዎች ዘንድ ትወደዳለች።

ዛሬም ኦርኪዷን የሚያለማ ሰው የደኑን ዓይነት ሁኔታ መፍጠር አለበት፦ በአፈር ፈንታ ሻካራ የዛፍ ቅርፊት፣ የሚንቀሳቀስ አየርና መጠነኛ ብርሃን ያስፈልጋታል። ሥሯ መነካካት አይወድም፤ እድገቷም ዝግ ያለ ነው። በአውሮፓ የምታብበው በክረምቱ ብርድ፣ በገና ሰሞን ነው።

ዘመዶቿ የሆኑ ነጫጭ ኦርኪዶች በእኛም አገር ደን ዛፎች ላይ ይበቅላሉ። ኦርኪድ ማልማት የምትሹ በችግኝ ጣቢያ የተባዛውን ግዙ፤ ከጫካ የተነቀለውን ግን አትግዙ። ዛፉ ላይ ያያችሁትን እዚያው ተዉት።